ተዋናይህን ሳታስርብ ረሃብን መቅረጽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ25 ደቂቃ አጭር ፊልም ልሠራ ነው። አንድ የፖለቲካ እስረኛ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሆኖ የረሃብ አድማ ያደርጋል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። መነሻዬ ‹ሀንገር› የተባለው ፊልም ነው። ሙሉው ሳይቆረጥ በአንድ ሾት እንደተቀረጸ፣ ዋናው ተዋናይም በእውነት 66 ቀን እንደጾመ ሰምቻለሁ። የእኔ ተዋናይም ፈቃደኛ ነው፤ ዐቢይ ጾምን አንድም ቀን ሳያጎድል ስለሚጾም አይከብደኝም ይላል። ስሜቱ እንዲገባው ደግሞ ከቀረጻው በፊት ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ልቆልፍበት አስቤያለሁ። የቸገረኝ እውነተኛ እስር ቤት ገብቶ ለመቅረጽ ፈቃድ ማጣቴ ነው። እውነተኛ ቦታ ሳይኖር ፊልሙ ይታመናል? ምን ይመክሩኛል?»

ፈቃድ ማጣትህ እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ችግር ያለው ወስነህ በጨረስካቸው በሦስቱ ላይ ነው፤ በአንዱ ሾት፣ በጾሙና በቁልፉ። ሦስቱም የመጡት ከወሬ ስለሆነ መጀመሪያ ወሬውን እናጥራ። ከዚህ በታች የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ሀንገር» 96 ደቂቃ የሚሄድ፣ እንደማንኛውም ፊልም ተቆርጦ የተቀናበረ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቭ ማክዊን ነው፤ በድሮ የአሜሪካ ፊልሞች የምታውቀው ተዋናይ ሳይሆን ስሙን የሚጋራው እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ ሰው። በ1999 የተርነር የተባለውን የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ሽልማት ያገኘው ጋለሪ ውስጥ በሚታዩ የምስል ሥራዎቹ ነበር። «ሀንገር» የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው፤ በ2008 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቶ ለጀማሪ ዳይሬክተር የሚሰጠውን የካሜራ ዶር ሽልማት ወስዷል። ስክሪፕቱን አብሮት የጻፈው አየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ኤንዳ ዋልሽ ነው፤ የካሜራው ባለሙያ ሾን ቦቢት፣ ኤዲተሩ ደግሞ ጆ ዎከር። ያልተቆረጠ የተባለልህ በፊልሙ መሀል ያለ አንድ ሾት ነው፤ 17 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ከእሱ በፊትም በኋላም መቁረጥ አለ።

66 ቀኑ ደግሞ የተዋናዩ አይደለም፤ ፊልሙ ታሪኩን የሚተርክለት የእውነተኛው ሰውዬ ነው። ቦቢ ሳንድስ በሰሜን አየርላንድ ሜዝ በሚባለው እስር ቤት የነበረ፣ ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማውጣት ይዋጋ የነበረው የአይ.አር.ኤ. ታጣቂ ቡድን አባል ነው። መጋቢት 1 ቀን 1981 የረሃብ አድማ ጀመረ፤ በአድማው ላይ እያለ ሚያዝያ 9 ቀን የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ግንቦት 5 ቀን በ66ኛው ቀን ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በኋላ ዘጠኝ ጓደኞቹ በዚያው አድማ ሞተዋል። እሱን ሆኖ የተወነው ማይክል ፋስቤንደር ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ቀረጻው መሀል ላይ ቆሞ አሥር ሳምንት ያህል ተሰጠው፤ በሐኪም ክትትል ቤሪ፣ ለውዝና ሰርዲን የመሰለ ትንሽ ትንሽ ምግብ እየበላ ከ14 ኪሎ በላይ ቀነሰ፤ ከዚያ የመጨረሻው ክፍል ተቀረጸ። አልጾመም፤ በልክ እየበላ ከሳ። ያንን ያደረገው ደግሞ የአንድ ሙሉ ፊልም ምርትን ለወራት ማቆም የሚችል በጀት ከጀርባው ይዞ ነው።

ይህን ካጠራን ዘንድ ወደ ዋናው ነገር። ፊልሙ ያስጨነቀህ ተዋናዩ ስለከሳ አይመስለኝም። ወደ ከሳው ሰውነት ስትደርስ ፊልሙ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሷል፤ አንተ ደግሞ ቀድመህ ተይዘሃል። በምን እንደተያዝክ ለማየት መጀመሪያውን እንደገና ተመልከት።

ፊልሙ የሚጀምረው በእስረኛ አይደለም፤ በጠባቂ ነው። ሬይመንድ ሎሃን የተባለ የወህኒ መኮንን ጠዋት ቤቱ እጁን ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ የጣቶቹ አንጓ ቆስሏል። ቁርስ ይበላል፤ ፍርፋሪው ጭኑ ላይ በዘረጋው ጨርቅ ላይ ሲወድቅ እናያለን። ሊወጣ ሲል መንገዱን ግራና ቀኝ ይቃኛል፤ ከዚያ ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር ይመለከታል። ሚስቱ በመስኮት ቆማ ታያለች። ሞተሩ ይነሳል፤ ምንም አልፈነዳም። አንድ ቃል አልተነገረንም። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ እጁን ምን እንዳቆሰለው፣ ከመኪናው ሥር ምን እንደሚፈልግ እኛው ነን የምናገጣጥመው። እጁ የቆሰለው እስረኛ በመደብደብ መሆኑን በኋላ ስናይ ለድብደባው መልስ ቀድሞ ተሰጥቶናል፤ ጥያቄው ሳይነሳ። በሥነ ልቦና የሚያስጨንቅ ፊልም የሚባለው ይህ ነው። በአገራችን አጭር ፊልሞች ግን ሥነ ልቦና ሲባል ተዋናይ ግድግዳ እየደበደበ ሲጮህና ከኋላው ከበሮ ሲመታ ማለት ይመስለናል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ሠርቻለሁ፤ ቅጂው ስለጠፋ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁለተኛውን አስተውል፤ ኮሪደሩን። እስረኞቹ የእስረኛ ልብስ አንለብስም ብለው ብርድ ልብስ ለብሰዋል፤ ምክንያቱ በ1976 ለእንዲህ ያሉ እስረኞች ይሰጥ የነበረው ልዩ መብት ተነሥቶ እንደ ተራ ወንጀለኛ መቆጠራቸው ነው። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ አንታጠብም ብለው ክፍሉን በገዛ ቆሻሻቸው ቀቡት። ፊልሙ ይህን በዝርዝር አያስረዳም፤ ግድግዳውን ያሳያል። አንድ ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሽንታቸውን ከበራቸው ሥር ወደ ኮሪደሩ ያፈሳሉ። ከዚያ በኋላ በሌላ ትዕይንት አንድ ጠባቂ መከላከያ ልብስ ለብሶ ከኮሪደሩ ጫፍ ይመጣል፤ የማጽጃ ፈሳሽ ይደፋል፣ በሰፊ መጥረጊያ ይገፋል፣ ይደፋል፣ ይገፋል። ካሜራው አይነቃነቅም። ሰውዬው ወደኛ እስኪደርስ ድረስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። መጀመሪያ ትሰለቻለህ፤ ትንሽ ቆይተህ ስልችቱ ያንተ ሳይሆን የእነሱ መሆኑ ይገባሃል፤ የጠባቂውም የእስረኞቹም። እስር ቤት ውስጥ ጊዜ ማለት ይህ ነው። አንድም የከሳ ሰው በምስሉ ውስጥ የለም።

አሁን የጠየቅኸኝ ሾት። ሳንድስ ሊጎበኘው ከመጣ ቄስ ጋር ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ቄሱን የሚጫወተው ሊያም ከኒንግሃም ነው። ካሜራው ከጎን ቆሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል፤ ብርሃኑ ከኋላቸው ስለሚመጣ ፊታቸው ግማሽ ጥላ ነው፤ የሲጋራው ጭስ በመሀላቸው ይንሳፈፋል። በቀልድ ይጀምራሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ለሲጋራ መጠቅለያ እንደሚሆን ይነሣና ሳንድስ የምናጨሰው ሰቆቃወ ኤርምያስን ብቻ ነው ይላል። ከቀልዱ ቀስ ብለው ወደ ክርክሩ ይገባሉ፤ ይህ አድማ ሰማዕትነት ነው ወይስ ራስን መግደል? አሥራ ሰባት ደቂቃ ያህል ካሜራው አይሄድም፣ አይቀርብም፣ አይቆረጥም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በል። አንደኛው ቴክኒካዊ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ሴሉሎይድ ነው፤ በተለመደው አሠራር 1,000 ጫማ ጥቅል አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚያስቀርጸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) በፊልሙ ጠርዝ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሲለካ በአራት ቀዳዳ ቁመት ፈንታ በሁለት ቀዳዳ ቁመት የሚያዝበትን አሠራር ተጠቀሙ፤ ያው ጥቅል እጥፍ ደቂቃ ሆነ። ያንተ ዲጂታል ካሜራ ሳይቆም አንድ ሰዓት ይቀርጽልሃል፤ ወጥመዱም እሱ ነው። ሳይቆረጥ መሄድ ላንተ ዋጋ ስለማያስከፍልህ መቼ እንደሚያስፈልግ ሳታስብ ታደርገዋለህ። ሁለተኛው ልምምድ ነው። ከኒንግሃም ወደ ፋስቤንደር ቤት ገብቶ አብረው እየኖሩ ያንን ውይይት በቀን ከ12 እስከ 15 ጊዜ ተለማምደውታል። ካሜራው ፊት ሲቀመጡ ቃሉን እያስታወሱ ሳይሆን እየኖሩት ነበር። ሦስተኛው ቦታው ነው። ከዚያ ውይይት በፊት ባለው የፊልሙ ክፍል ሰው ብዙ አያወራም፤ ጆሮህ ለሰው ድምፅ ተርቧል። ንግግሩ ሲመጣ እንደ ውሃ ትጠጣዋለህ። ሾቱ ሲያበቃ ደግሞ ካሜራው በውይይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሳንድስ ፊት ይቀርባል፤ በልጅነቱ ወንዝ ዳር ስላገኙት የተጎዳ ውርንጭላ ይተርካል። ያ ቅርብ ፊት ከባድ የሆነው ከእሱ በፊት አሥራ ሰባት ደቂቃ ስለተነፈግኸው ነው። ረጅሙን ሾት ሁሉም ያወራለታል፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው መቁረጡ የት ላይ እንደሆነ ነው።

ለአንተ የ25 ደቂቃ ፊልም ትርጉሙ ምንድነው? ሙሉውን በአንድ ሾት ልሥራ ማለቱን ተወው። ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ የሚሄድ አንድ ውይይት ጻፍ፤ ከእስረኛው ጋር የሚነጋገረው ሰው የሚወደውና ሊያስቆመው የሚፈልግ ይሁን። እናቱ ልትሆን ትችላለች፣ የነፍስ አባቱ ሊሆን ይችላል፣ በዕድሜ የሚበልጠው ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ትክክል ይሁኑ። ከሁለቱ አንዱ ሞኝ ከሆነ ስድስት ደቂቃ አይቆምልህም። ሦስት ሳምንት አስለምዳቸው፤ ቡና እየጠጡ፣ ልብስ እያጠፉ፣ እየተራመዱ። ቀረጻው ቀን ላይ አንድ ካሜራ፣ አንድ ቦታ። ያልያዘ እንደሆነ ደግሞ መቁረጥ እንድትችል የእያንዳንዳቸውን ቅርብ ፊት ለብቻው ቀርጸህ አስቀምጥ፤ ይህን ማድረግ ፍርሃት አይደለም፣ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ አልቅሰው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ፍርሃት የሚሉት።

ወደ ጾሙ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቃሌ ጠንከር ይላል። ዐቢይ ጾም የረሃብ አድማ አይደለም። ጾመኛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ይበላል፤ ሰውነቱ ጉልበት የሚያገኝበት ነገር በየቀኑ ይገባለታል። 55 ቀን የሚጾም ሰው እርሻውን ያርሳል፣ ታክሲውን ይነዳል። በረሃብ አድማ ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም መብላት ይጀምራል፤ ልብም ጡንቻ ነች። የቫይታሚን እጥረት ዓይንንና አእምሮን ይነካል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አደጋው ምግብ ሲጀመርም እንዳለ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሰው በአንዴ ጠግቦ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ይወርድና የልብ ምቱ ሊዛባ፣ ሊሞትም ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ነው የሐኪም ሥራ የማልሠራው። አንተም አትሥራ። ተዋናዩ ፈቃደኛ ነኝ ማለቱ ከኃላፊነት አያወጣህም፤ ወጣት ተዋናይ ለመሪ ሚና ሲል ለምኑም ፈቃደኛ ነው።

ጤናውን ብንተወው እንኳ በሥራው ሒሳብ አይዋጣም። ሰው እየከሳ እንዲታይ በታሪኩ ቅደም ተከተል መቅረጽ አለብህ፤ መሀል ላይ ለሳምንታት ማቆም አለብህ፤ ባለሙያዎቹን ጠብቁኝ ብለህ መያዝ አለብህ። የተከራየኸው ካሜራ በቀን ስንት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ከዚህ ሁሉ የምታገኘው ደግሞ በስክሪን ላይ ሁለት ደቂቃ ነው።

«ሀንገር» ራሱ ረሃብን በምን በምን እንደሚያሳይ ቁጠር። በሰውነት ብቻ አይደለም። አልጋው አጠገብ በየጊዜው ትኩስ ምግብ ይቀርባል፤ ሳይነካ ይነሣል፤ ይቀርባል። አንሶላው ቁስሉን እንዳይነካ በአልጋው ላይ እንደ ቅስት የቆመ ማንጠልጠያ አለ፤ ያንን ስታይ ጨርቅ እንኳ እንደሚያመው ይገባሃል። ሐኪሙ በሰውነቱ ውስጥ ምን ምን እየፈረሰ እንደሆነ በረጋ ድምፅ ለወላጆቹ ሲናገር ትሰማለህ። ቁስሉ የሜካፕ ሥራ ነው። አንዱ አስታማሚ በጣቶቹ ላይ በጠላት ወገን ያለ የታጣቂ ቡድን ምህጻር ተነቅሶበታል፤ ሳንድስ ያንን ሲያይ ከመታጠቢያ ገንዳው ያለ ድጋፍ ለመነሣት ይሞክርና ይወድቃል፤ ተሸክሞ ወደ አልጋው የሚመልሰው ያው ሰው ነው። እዚያ ትዕይንት ላይ የሚያምህ የጎድን አጥንቱ ነው ወይስ ያ መሸከም? መልሱን ላንተ ልተወው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከመጀመሪያው በተፈጥሮው ቀጭን የሆነ ተዋናይ ምረጥ። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ከውስጥ ሁለት ልብስ ደርቦ ሞላ ብሎ ይታይ፤ በኋላ ያንኑ ሸሚዝ ሁለት ቁጥር አስፍተህ አልብሰው፤ ኮሌታው አንገቱ ላይ ሲሰፋ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ብርሃኑን ከላይና ከጎን አምጣ፤ የጉንጭና የአንገት አጥንት ጥላ እንዲያወጣ። ከንፈሩ ይድረቅ፤ ለዚህ ሜካፕ ሠሪዋ ታውቅበታለች። እንቅስቃሴውን ቀንስ፤ ኩባያ ለማንሣት ሁለት ጊዜ ይሞክር። ሳህኑን ደግሞ አትርሳ። በእኛ አገር ተመልካች ፊት ትኩስ ሽሮ በድስት እየተንተከተከ ገብቶ ተቀምጦ ሲቀዘቅዝ፣ ላዩ ሲደርቅ፣ ከዚያ እንደነበረ ሲወጣ፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የጎድን አጥንት ትፈልጋለህ?

ሦስት ቀን መቆለፍ የሚለው ሐሳብ ይቅር። በ1971 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎችን እስረኛና ጠባቂ አድርገው ለሁለት ሳምንት ሊያቆዩ ጀመሩ፤ በስድስተኛው ቀን ማቆም ግድ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ሲጠቅስ ማንም ሰው ቁልፍ ከተሰጠው በራሱ ይጨክናል ለማለት ነው። በኋላ የወጡ የድምፅ ቅጂዎች ግን አንድ ጠባቂ ጠንከር እንዲል ከአዘጋጆቹ ወገን ሲገፋፋ ያሰማሉ። ላንተ የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው፦ ተዋናዩን ስትቆልፍበት አንተ ዳይሬክተር መሆንህ ያበቃል፤ ጠባቂ ትሆናለህ፤ ማን በቃ እንደሚልህም አይታወቅም። ከዚያ የሚወጣውም ትወና ሳይሆን የተናደደ ሰው ነው። የተናደደ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ቴክ ላይ ያንኑ ነገር አይደግምልህም። እስር ያየ ሰው የምታውቅ ከሆነ፣ ፈቃዱም ከሆነ፣ ተዋናይህን ይዘህ ሄደህ አንድ ከሰዓት አስቀምጣቸው፤ ስለ ድብደባ አይጠይቅ፤ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነቁ፣ ጫማ የት እንደሚቀመጥ፣ የማን እግር ኮቴ እንደሚታወቅ ይጠይቅ። የሚነግሩህን ታሪክ ግን እንዳለ ወስደህ አትጠቀም፤ ሰውዬውን የሚያስለይ ነገር ከሆነ ለውጠው።

አሁን ወደ ቦታው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሥራ ላይ እውነተኛ፣ የተተወ የእስር ክፍል አግኝተን ነበር። ዕድለኛ ነን ብለን ገባን። ክፍሉ ሁለት በሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ካሜራውን አስቀምጠን ወደ ኋላ ማፈግፈግ አልቻልንም፤ ጀርባችን ግድግዳው ላይ ነው። የነበረን መፍትሔ ሰፊ ሌንስ ብቻ ሆነ። ሰፊ ሌንስ ደግሞ ጠባብ ክፍልን ያሰፋል፤ ቀረጻውን ስናይ ያቺ የምታፍን ጉድጓድ የሠርግ አዳራሽ መስላ ቁጭ አለች። ድምፅ ሠራተኛው ማይኩን የሚይዝበት አጥቶ ተዋናዩ እግር ሥር ተጋድሞ ነበር። በእውነተኛው ቦታ ውስጥ ውሸት ቀርጸን ወጣን። «ሀንገር»ም ቢሆን በራሱ በሜዝ ክፍሎች ውስጥ አልተቀረጸም፤ እስር ቤቱ በ2000 ተዘግቷል፤ ክፍሎቹ ለፊልሙ ተብለው እንደገና ተሠሩ።

አንተም ሥራው። በአንድ መጋዘን ወይም ሰፊ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞራሌ አቁመህ ኮምፔንሳቶ ለብጠው፤ ላዩን ሸካራ ጄሶ ምታበት፤ በሁለትና ሦስት ዓይነት ቀለም ደራርበህ ቀብተህ በእርጥብ ጨርቅ ፈግፍገው፤ ትከሻ የሚደገፍበት ቁመት ላይ ወዝ ይኑረው። ከአራቱ ግድግዳዎች ሁለቱ ተነቃይ ይሁኑ። ግድግዳውን አንሥተህ ካሜራውን ወደ ኋላ ስትወስድና ረዘም ባለ ሌንስ ስትቀርጽ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ወደ ተዋናዩ ጀርባ ይጠጋል፤ ክፍሉ ያፍናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ካሜራህ ግድግዳው ከነበረበት መስመር በጣም ርቆ ከሄደ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቀውም ውሸቱ ይሸተዋል፤ አንድ ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ሜትር ተኩል። ጣሪያም ይኑረው፤ ባይሞላም ግማሹ። ጣሪያ የሌለው ክፍል ብርሃን ለማብራት ይመቻል፤ ተዋናዩ ግን ቀና ባለ ቁጥር ነጻነት ያያል።

ድምፁን ከምስሉ እኩል አስብበት። ለዚህ ከ«ሀንገር» ይልቅ የሚያስተምርህ የሮቤር ብሬሶን የ1956ቱ የፈረንሳይ ፊልም ነው፤ «አንድ የሞት ፍርደኛ አመለጠ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። በ1943 ሊዮን ከተማ ከሚገኘው የሞንሉክ እስር ቤት ከጀርመኖች እጅ ባመለጠው በአንድሬ ደቪኒ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ዋናውን ሰው የተጫወተው ፍራንሷ ለተርዬ ተዋናይ አልነበረም። ርዕሱ መጨረሻውን ነግሮሃል፤ ያም ሆኖ ትንፋሽህን ይዘህ ታያለህ። ምክንያቱም ሰውዬው በር የሚፈለቅቅበት የማንኪያ ድምፅ፣ ጠባቂው ደረጃው ብረት ላይ የሚጎትተው ቁልፍ፣ ከውጭ የሚያልፍ ባቡር፣ መጨረሻ ላይ ሲጢጥ የሚል አንድ ብስክሌት ፊልሙን ተሸክመውታል። እስር ቤቱን የምታየው በጥቂቱ ነው፤ የቀረውን በጆሮህ ትሠራዋለህ። ሁለት በሁለት ተኩል የሆነች የኮምፔንሳቶ ክፍል የሦስት መቶ ሰው ወህኒ የምትሆነው በዚህ ነው። በነገራችን ላይ ኮምፔንሳቶ ሲነካ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ከኋላው የአሸዋ ከረጢት ወይም አሮጌ ፍራሽ ለጥፍበት፤ አለዚያ እስረኛህ ግድግዳውን በተደገፈ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ የታሰረ ይመስላል።

«ሀንገር» ወገን የያዘ ነው የሚል ክርክር ሲወጣ ነበርና አንተንም ይመጣብሃል። ማክዊን ጠባቂውን ከነቤቱ፣ ከነፍርሃቱ አሳይቷል፤ እናቱን ሊጠይቅ አረጋውያን መጦሪያ ሄዶ እንዴት እንደሚገደልም አሳይቷል። በድብደባው ትዕይንት ላይ ከወጣት ፖሊሶቹ አንዱ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቆ ሲያለቅስ፣ በዚያው ምስል በሌላኛው ወገን ዱላው ሲቀጥል ታያለህ። ይህ ሚዛን መጠበቅ አይደለም፤ ሥርዓቱ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ በሁለቱም በኩል ማየት ነው። ያንተም ጠባቂ ምሳ ዕቃ ይኑረው።

ተራው እንዲህ ይሁን። ስክሪፕቱን እስከ ውይይቱ ድረስ ከንግግር አራቁተው። ሦስት ሳምንት ልምምድ፣ አንድ ሳምንት ክፍሉን መሥራት፣ አምስት ቀን ቀረጻ። ውይይቱን በሦስተኛው ቀን አድርገው፤ ተዋናዮቹ ክፍሉን ለምደው ገና ሳይደክማቸው። የአልጋው ትዕይንቶች በመጨረሻው ቀን። ተዋናይህ በየቀኑ ምሳውን ይብላ፤ እየበላ መሆኑን አንተው እይ።

ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን በሩ ላይ አውጣው። ከኮምፔንሳቶ አይደለም፤ ከወፍራም ላሜራ ብረት በያጅ አሠራ፤ ከሥሩ ሳህን የሚያሳልፍ ክፍተት፣ በዓይን ቁመት የምትከፈት ትንሽ መስኮት፣ ከውጭ የሚጎተት መቀርቀሪያ ይኑረው። መቀርቀሪያውን ዘይት አታስነካው። ሲመጣልህ ክፍሉን ገና ሳትሠራ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ሃያ ጊዜ ዝጋው፣ ክፈተው፣ ቀስ ብለህ፣ በቁጣ፣ በስልችት፤ ሁሉንም በጥሩ ማይክ ቅዳ። ከዚያ ተዋናይህን ጥራና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠው።